ጠብታው ያረፈበት ነጭ ጨርቅ

አንድ ብርድ የሚጠናበት የተራራ ከተማ ውስጥ ደብሪቱ የምትባል እናት ትኖር ነበር። ባሏ ከሞተ ሰንብቷል። ያለቻት አንዲት ልጅ ትርንጎ ትባላለች፤ የግማሽ ቀን መንገድ ወደሚያስኬድ ሌላ ከተማ ተድራ ሄዳለች። ትርንጎ አረገዘች። በዚያ አገር ደግሞ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። እናት ልጇን ታርሳለች፣ ገንፎዋን ታገነፋለች፣ ለልጅ ልጇ የመጀመሪያውን እልልታ ታሰማለች። ይህን ወግ ከእናት የሚነጥቅ የለም፤ የባል እናት እንኳ ብትሆን ተራዋን ትጠብቃለች።

ችግሩ ቤቱ ነበር። የደብሪቱ ቤት የድሮ የድንጋይ ቤት ነው። ግድግዳው ውስጥ ሰፊ ምድጃ አለ፤ ከምድጃው በላይ በድንጋይ የተገነባ ጭስ ማውጫ እስከ ጣራ ይወጣል። ታዲያ ድንጋዩ ከእርጅና ብዛት ተሰነጣጥቆ ሙቀቱ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ጭሱ ቤት ይቀመጣል። ትርንጎ በዚያ ጭስ ውስጥ ነው ያደገችው። ደረቷ ተጎድቷል፤ ሳል ከጀመራት ትንፋሽ ያጥራታል። ስለዚህ ባሏ ምትኩ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «እማማ፣ ወጉን አላፈርስም፤ ትርንጎን አመጣታለሁ። ቤቱ ከጨሰ ግን ይዣት እመለሳለሁ። ጭስ እንዳይነካት ሐኪሙ አጥብቆ ተናግሯል።»

ደብሪቱ አልተቆጣችም። ልጁ ልክ ነው። ቤቱ እንዳይጨስ ማድረግ የእሷ ፋንታ ነበር።

በከተማው ለዚህ ሥራ የሚሆኑ ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ። አንዱ ሽብሩ ይባላል፤ ብረት ሠሪ ነው። ከወፍራም ብረት በር ያለው ዝግ ምድጃ ሠርቶ፣ በድንጋዩ ምድጃ አፍ ውስጥ አስገብቶ ያስቀምጣል። ሌላው ካሣዬ ይባላል፤ ቆርቆሮ ሠሪ ነው። በተሰነጠቀ ጭስ ማውጫ ውስጥ ከጣራው ጀምሮ የቆርቆሮ ቧንቧ ያወርድና፣ ጭሱ ስንጥቁን ሳይነካ በቧንቧው ውስጥ ይወጣል። ምድጃው ከታች፣ ቧንቧው ከላይ፣ መሃል ላይ ይገናኛሉ። ከዚህ የቀለለ ሥራ የት ይገኛል?

ለሌላ ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል። ሽብሩና ካሣዬ ግን አይነጋገሩም ነበር። ጠባቸው የጀመረው በአንድ ሰርግ ቤት ነው። አስታጣቢው ውሃ ይዞ ሲመጣ ሽብሩ «አንተ ቅደም» ሳይል እጁን ዘረጋ። ካሣዬ ታላቁ እኔ ነኝ ይላል። ሽብሩም ታላቁ እኔ ነኝ ይላል። ሁለቱም የተወለዱበትን ዓመት በእርግጥ አያውቁም። በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላው ሰው በርስት ይጣላል፣ በድንበር ይጣላል፤ እነዚህ በእጅ መታጠቢያ ውሃ ተጣልተው፣ አንዱ በላይኛው መንገድ ሲሄድ ሌላው በታችኛው መሄድ ከጀመሩ ልጆቻቸው ለአቅመ አዳም ደርሰዋል።

ደብሪቱ ይህን ታውቅ ነበር። ቢሆንም ከእነሱ ሌላ ሰው የለም። ሽብሩን ለመነችው፣ እሺ አላት። ካሣዬን ለመነችው፣ እሱም እሺ አላት። ሁለቱም አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ ያኛው ሰውዬ በሌለበት ሰዓት እንድትጠራቸው። ሽብሩ ጠዋት መጥቶ የምድጃውን አፍ አየ። ከላይ ያለው ድንጋይ ዝቅ ያለ ስለነበር፣ የብረቱን ምድጃ ጭስ መውጫ ክብ ሳይሆን እንደ ዕንቁላል ሞላላ ሊያደርገው ወሰነ። ለደብሪቱ ግን አልነገራትም፤ የነገራት መጠኑን ብቻ ነው። «ስፋቱ ስንዝር ነው በይው» አላት። ከሰዓት በኋላ ካሣዬ መጣ። «ስንዝር ነው ብሎሃል» አለችው። «እሺ፣ ስንዝር» አለና ሄደ።

እንግዲህ ስንዝር ማለት የእጅ ነገር ነው። ሽብሩ አጭር፣ ጣቶቹ ድንች የሚያህሉ ሰው ነው። ካሣዬ ደግሞ ረዥም፣ በአንድ መዳፉ የሰሃን አፍ የሚከድን። ጎን ለጎን ቆመው ቢሆን ኖሮ አንዱ የሌላውን እጅ አይቶ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አልቆሙም።

ምድጃው መጣ፤ የሚያምር ምድጃ ነው። ቧንቧው ወረደ፤ እሱም እንከን አልነበረበትም። ደብሪቱ ጎንበስ ብላ ወደ ላይ ስታይ የምድጃው መውጫ ጠባብና ሞላላ፣ ከላይ የወረደው ቧንቧ ደግሞ ሰፊና ክብ ሆኖ አገኘችው። ደህና ተደርጎ የተሠራ ምድጃ፣ ደህና ተደርጎ የተሠራ ቧንቧ፣ በሁለቱ መሃል ክፍት አየር። ራሷን ይዛ ተቀመጠች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዋ መንገድ ሆነ። ሽቅብ ወጥታ ወደ ሽብሩ ትሄዳለች።

«ጋሽ ሽብሩ፣ አልገጠመም እኮ።»

«የእኔ ምድጃ ልክ ነው» ይላታል መዶሻውን ሳያስቀምጥ። «ቧንቧውን ያጥብበው በይው።»

ቁልቁል ወርዳ ወደ ካሣዬ ትሄዳለች።

«ጋሽ ካሣዬ፣ አጥብበው ይልሃል።»

«አጥብቤው ጭሱ በየት ሊወጣ ነው? ምድጃው አፉን ይክፈት በይው። ቧንቧ ለምድጃ አይሰግድም።»

«እስቲ አንድ ቀን አብራችሁ መጥታችሁ እዩትና ተነጋገሩ።»

«እሱ ባለበት?»

«አዎ፣ እሱ ባለበት! ምድጃው ያለበት ቤት ውስጥ!»

«እሱ ሲሄድ ጥሪኝ።»

ይህንኑ ለሽብሩ ስትነግረው ሽብሩም ቃል በቃል «እሱ ሲሄድ ጥሪኝ» አላት። መንገድ ላይ ቆማ ሳቋ መጣ፤ ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ እንባዋ መጣ። ነገሩ የእግር እሳት ሆነባት። የልጇ ሆድ እየገፋ ነው፣ ብርዱ እየጠና ነው፣ ሁለት ሽበታም ሰዎች ደግሞ በእሷ አፍ እየተሰዳደቡ ነው። እርስ በርስ የማይባባሉትን ሁሉ ለእሷ ነበር የሚነግሯት፤ አንዱ የወረወረው በእሷ በኩል ያልፋል፣ የሌላው መልስም በእሷ በኩል ይመለሳል። ምድጃው ማገናኛ አጣ እንጂ ሰዎቹስ ማገናኛ ነበራቸው። ያቺ ማገናኛ ደብሪቱ ነበረች፤ ጫማዋ አለቀ።

በመጨረሻ ወደ ሽማግሌዎች ሄደች። የሽማግሌዎቹ አለቃ ባሻ ዘለቀ ይባላሉ። ባሻ በእርቅ የተመሰገኑ ናቸው፤ የማያስታርቁት ጠብ የለም ይባላል። ሁለቱን አስጠርተው በረንዳቸው ላይ ግራና ቀኝ አስቀመጧቸው። ነገሩን አዳምጠው፣ ጺማቸውን ደባብሰው፣ ሁልጊዜ የሚፈርዱትን ፈረዱ።

«አንተም ተው፣ አንተም ተው» አሉ። «ሽብሩ ጠባብ ነው አልክ፣ ካሣዬ ሰፊ ነው አልክ። እንግዲህ በሁለቱ መሃል የሆነ አንድ ማገናኛ ይሠራ። ከአንዱ ጥቂት ይብለጥ፣ ከአንዱ ጥቂት ይነስ። ማንም አልተሸነፈ።»

ደብሪቱ ከጥግ ሆና አላስቻላትም። «ባሻ፣ ይህ የርስት ወሰን አይደለም እኮ። ጭስ ነው።»

«ልጄ፣ በመሃል የማይታረቅ ነገር የለም» አሏት በትዕግሥት።

ሁለቱ ሰዎች ተነሥተው ተሳሳሙ። ጉንጭ ከጉንጭ ሳይነካካ የተሳሳሙት መሳሳም ነው። ከዚያ አንዱ በላይኛው፣ አንዱ በታችኛው መንገድ ሄዱ። ደብሪቱ ሁለቱንም በዓይኗ ሸኝታ፣ ከድጡ ወደ ማጡ አለች በልቧ።

ፍርዱ እንደተባለው ተፈጸመ። አማካዩ ቧንቧ ተሠራ፤ ለምድጃው ሰፋ፣ ለጭስ ማውጫው ጠበበ፣ ለሁለቱም አልሆነም። ከታች በምድጃው መውጫ ላይ እንደ ቆብ ተደፋ፤ ከላይ ደግሞ በካሣዬ ሰፊ ቧንቧ ውስጥ ገባ። ካሣዬ በዚህ ደስ አለው። «ጭስ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ የታችኛው ወደ ላይኛው ይገባል እንጂ የላይኛው ወደ ታችኛው ይወርዳል እንዴ?» አለ። እውነቱን ለመናገር የሽብሩ ሥራ ከእሱ በታች መሆኑን ወዶት ነው። የቀረውን ክፍተት በየተራ እየመጡ በጭቃና በጭድ መረጉት። ባሻ ዘለቀ መጥተው አይተው፣ መርቀው ሄዱ። ጭቃውም የተመረቀ መስሎ ነበር።

ትርንጎ መጣች። ሆዷ ገፍቷል፣ ፊቷ ገርጥቷል፤ ግን ስትገባ እየሳቀች ነበር። «እማዬ፣ እውነትም አዲስ ምድጃ!» አለች። ደብሪቱ የሕፃኑን መታቀፊያ አወጣች። ጥጡን ራሷ ፈትላ ያሸመነችው፣ እንደ ወተት የነጣ፣ ዳሩ ላይ ቀጭን ጥለት ያለው ጨርቅ ነው። እንዲሞቅ ብላ ከምድጃው አጠገብ፣ ከመጋጠሚያው ሥር በተወጠረ ገመድ ላይ ሰቀለችው። ምትኩ እንጨት አቀበላት፣ እሳቱ ተለኮሰ።

መጀመሪያ ቤቱ ሞቀ። ትርንጎ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ትንሽ እንደቆየ ጭቃው ደርቆ ተንጣጣ፤ አንድ ቁራጭ ወደቀ፣ ሌላም ወደቀ። በክፍተቱ ጭስ ብቅ አለ። ይህስ ይሁን፣ መስኮት ይከፈታል። ሌላው ባሰ። ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል እውነት ነው፤ ግን ቀዝቃዛው ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ከፊሉ እንደ ላብ ሆኖ፣ ጥቀርሻ ተሸክሞ፣ በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ተመልሶ ይወርዳል። የላይኛው ቧንቧ የታችኛውን ከውጭ ስላቀፈው ያ ጥቁር ውሃ የሚገባበት አጥቶ በመጋጠሚያው ወደ ውጭ ፈሰሰ። ደብሪቱ ቀና ስትል አንድ ጠብታ አየች፤ እንደ ሙጫ የወፈረ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ። ጠብታው በቧንቧው ጎን ተንጠልጥሎ ቆየና፣ በነጩ መታቀፊያ ላይ አረፈ።

ትርንጎ ማሳል ጀመረች። መጀመሪያ አፏን ይዛ፣ ከዚያ ደረቷን ይዛ፣ ከዚያ የግድግዳውን ድንጋይ ይዛ። ምትኩ ተነሣ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻል ነበር። «እማማ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ። ጋቢውን በሚስቱ ትከሻ ላይ ደርቦ፣ ደግፎ አስወጣት። ያን ሌሊት ጎረቤት አሳድሯት፣ ሲነጋ ወደ እናቱ ቤት ይዟት ሄደ። ትርንጎ ዞር ዞር እያለች እናቷን እያየች ሄደች።

ደብሪቱ ወደ ቤት ተመለሰች። መታቀፊያውን ከገመዱ አውርዳ አጠበችው። ጠብታው አልለቀቀም። በእንዶድ አጠበችው፣ በሳሙና አጠበችው፣ አልለቀቀም። እርጥቡን ጨርቅ እንደያዘች ቆማ፣ ጮክ ብላ ለባዶው ቤት «የማን ጠብ ነው በእኔ ልጅ ጨርቅ ላይ የወረደው?» አለች።

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል። ደብሪቱ ማጭድ አልነበራትም፤ የበር ቁልፍ ግን ነበራት።

ወደ ሽብሩ ሄደች። «ጋሽ ሽብሩ፣ ካሣዬ ጥፋቱ የእኔ ነው ብሏል። ከቤቴ ሆኖ ይጠብቅሃል» አለችው። ሽብሩ መዶሻውን ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀመጠ። ወደ ካሣዬ ወረደች። «ጋሽ ካሣዬ፣ ሽብሩ ተሳስቻለሁ ብሏል። ና ስማው» አለችው። ካሣዬ ነጠላውን ለበሰ። ዋሸች፤ እኔ ግን አልፈርድባትም። ስንት ጊዜ እውነቱን ይዛ ስትመላለስ ማን ሰማት? የሌላውን ውርደት ለማየት ሲሆን ሁለቱም ያን ዳገትና ቁልቁለት ባንዴ ጨረሱት። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ የጠላት ሽንፈት ደግሞ ጉልበት ይሰጣል።

ሁለቱም ገቡ። ምድጃው ይነዳል፣ ቤቱ ጨልሟል። ተያዩና ሁለቱም ወደ በሩ ዞሩ። በሩ ግን ተቆልፏል።

«እትዬ ደብሪቱ! ምን ማድረግሽ ነው?» አለ ሽብሩ ከውስጥ።

«መስኮቱ ክፍት ነው፣ አትሞቱም» አለች ደብሪቱ ከውጭ። ደጃፉ ላይ ዱካ፣ ያቺን ትንሽ በርጩማ፣ አስቀምጣ፣ ቁልፉን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። «የእናንተ ጭስ ልጄን አስሏታል። አሁን ተራው የእናንተ ነው።»

«ጭቃው ነው የወደቀው፤ ጭቃውን ያላሳደረው እሱ ነው፣ ንገሪው» አለ ካሣዬ።

«ንገሪው?» ደብሪቱ ከዱካው ላይ ተነሣች። «አጠገብህ ቆሟል እኮ! ክርኑ ይነካሃል! ከእንግዲህ በእኔ አፍ አንዲት ቃል አታልፍም። ማገናኛነቱ በቃኝ!»

ውስጥ ጭሱ ወፈረ። ከዚያ አንዱ ሳለ። ከዚያ ሌላው ሳለ። ሳል ደግሞ ከማን ጋር እንደተጣላ አያውቅም፤ አንዱ ሲጀምር ሌላው ይከተላል። ደብሪቱ ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠግታ ጠበቀች። ቆይታ ቆይታ የካሣዬን ድምፅ ሰማች፤ ለማን እንደሚናገር ሳይገልጽ የሚናገር ሰው ድምፅ ነበር።

«ይሄ ጥቁር ነገር ከየት ነው የሚንጠባጠበው?»

ሽብሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ከላይ ነው» አለ። «ከአንተ ቧንቧ ነው የሚወርደው። ከእኔ አፍ ውጭ ያርፋል።»

«የአንተ አፍ ሰፍቶ ቢሆን ውስጥ ያርፍ ነበራ።»

«የአንተ ቧንቧ ወደ ውስጥ ቢገባ እኮ ነው።»

ደብሪቱ ባለሙያ ሰው ሥራ ሲያይ የሚያሰማውን ያን «እ...ም» የሚል ድምፅ ሰማች።

«እጅህን እስቲ አምጣ» አለ ካሣዬ።

«ለምን?»

«አምጣ አልኩህ። ስንዝርህን ከስንዝሬ ጋር ግጠመው።»

ትንሽ ቆየና፣ ጭስ ካፈነው ቤት ውስጥ የሁለት ሽማግሌ ሳቅ ተሰማ። እያሳሉ ይስቃሉ፣ እየሳቁ ያስላሉ። ደብሪቱ ግን አልሳቀችም። በሩን ከፈተች፣ «መሣሪያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ» አለቻቸው።

ሽብሩ አንድ ማገናኛ ሠራ፤ ግርጌው ሞላላ ሆኖ በምድጃው መውጫ ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ቀስ በቀስ እየሰፋና እየከበበ የሚሄድ። ካሣዬ የቧንቧውን ጫፍ በጉጠት ዙሪያውን እየሸበሸበ አጠበበው። ከዚያ ማገናኛውን ሽብሩ ከታች ያዘው፣ ካሣዬ ቧንቧውን ከላይ ዝቅ አደረገው፣ የላይኛው በታችኛው ውስጥ ገባ። ጭቃ አላስፈለገም። እሳቱ ሲለኮስ ጭሱ ወጣ። ጥቁሩም ውሃ በቧንቧው ውስጥ ወርዶ፣ ተመልሶ እሳቱ ውስጥ ገብቶ ቸስ ብሎ ጠፋ። ይህ ሁሉ ጠዋት ተጀምሮ ለምሳ አለቀ።

ደብሪቱ በጠራው አየር መሃል ቆማ ምድጃውን አየችው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። «ይኸው ነበር?» አለች። «እንዲያ ያንከራተታችሁኝ ለዚህ ነበር? የግማሽ ቀን ሥራ ነበር?» ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

ልጇን የሚያመጣላት ሰው ልትልክ ነጠላዋን ስታጣፋ፣ በበሩ የምትኩ ወንድም ገባ። አቧራ ለብሷል፣ ፊቱ ግን ያበራል። «እማማ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ማርያም ማረቻት! ትላንት ማታ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ ሁለቱም ደህና ናቸው።»

ደብሪቱ እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታ አመሰገነች፤ ልጇ ከእነነፍሷ፣ ሕፃኗም ደህና። እልል ለማለት አፏን ከፈተች። ግን መልሳ ዘጋችው። የመጀመሪያው እልልታ ትላንት ማታ፣ በሌላ ቤት፣ በሌላ ሴት አፍ ተብሏል። ገንፎውንም ሌላ ሴት አገንፍታለች። ለአራሷ ብላ ያነጠረችው ቅቤ ከነቅሉ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ቤቱ ሞቋል፣ አይጨስም፤ ማንም ደግሞ የለበትም። ደብሪቱ ዱካው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሽብሩና ካሣዬ ያን ጊዜ ገባቸው። «እትዬ ደብሪቱ፣ ይቅር በይን» አለ ካሣዬ በመጨረሻ። «እንዲህ ይሆናል ብለን አልነበረም።»

«እኔ ይቅር እላችኋለሁ» አለች። «ትላንትናን ግን ማን ይመልስልኛል?»

የሕፃኗ ክርስትና ካለፈ በኋላ ትርንጎና ምትኩ ልጃቸውን ይዘው ወደ ደብሪቱ ቤት መጡ። ደብሪቱ የልጅ ልጇን በዚያው መታቀፊያ አቀፈቻት፤ ጥቁሯ ነጥብ እስከዛሬ አለች። «እማዬ፣ ሌላ ጨርቅ የለም?» አለች ትርንጎ። «ይሄ ይሁን» አለች ደብሪቱ፣ «ይህቺ ነጥብ እየታየች ትደግ።» ሽብሩና ካሣዬም ተጠርተው ነበር። አብረው መጡ፣ በአንድ መንገድ። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቆሙ።

«አንተ ቅደም» አለ ሽብሩ።

«ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም» አለ ካሣዬ።

«የለም፣ ታላቄ አይደለህም? ግባ።»

«ማን አለህ ታላቅ ነኝ? አንተ ግባ እንጂ።»

በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ የተራራው ንፋስ ይገባል፣ ሕፃኗ አነጠሰች። ደብሪቱ ከውስጥ ሆና ቤቱን አናወጠችው፦ «ኧረ እናንተ ሰዎች! ስትጣሉም ብርድ፣ ስትታረቁም ብርድ! አንዳችሁ ግቡና በሩን ዝጉ!»

ይህን ታሪክ ያጫወተኝ ሰው ፍሬውን እንዲህ ሲል ነገረኝ፤ እኔም እንደሰማሁት አስተላልፋለሁ። ሰውና ሰው ሲገናኝ መሃል ላይ ተካፍሎ መቆም ሁልጊዜ እርቅ አይሆንም። አንዱ ሰፋ ብሎ መቀበል፣ ሌላው ሰብሰብ ብሎ መግባት አለበት። ዝቅ ማለትም የሚጀምረው ከላይ ካለው ነው፤ የላይኛው በታችኛው ውስጥ ሲገባ የሁለቱም ጥቀርሻ ወደ እሳቱ ተመልሶ ይቃጠላል፤ የላይኛው አልወርድም ሲል ግን ጥቀርሻው ውጭ ይንጠባጠባል። የሚያርፈውም በተጣሉት ላይ አይደለም፤ ምንም ባላደረገ ሰው ላይ ነው። ጠቡ አንድ ቀን መብረዱ አይቀርም፤ ምናልባትም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግን እልልታው ሊያልፋችሁ ይችላል።

እስቲ አሁን ቀና ብላችሁ ወደ መጋጠሚያው ተመልከቱ። እናንተ ያኮረፋችሁት ሰው አለ፤ በእናንተና በእሱ መሃል ጫማዋ እስኪያልቅ የምትመላለሰው ማን ናት? ጠብታው ሲወርድስ፣ ከሥሩ የተሰቀለው ነጭ ጨርቅ የማን ነው?